ቆሞ የሚያንቀላፋው ማሽን

ማሽኑ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተኛ፤ ከዚያም አልነቃም።

መተኛቱስ ጥፋት አይደለም። ሥራ ያጣ ማሽን እንዲተኛ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ካልተኛ ይግላል፣ መብራት ይበላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ጥፋቱ አለመንቃቱ ነው። ያለምወርቅ ደርበው እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጠበቀች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። በስክሪኑ ጥቁር መስኮት ላይ ብልጭ ድርግም ትል የነበረችው ትንሽ መስመር ቀጥ ብላ ቀርታለች። ከላቦራቶሪው ውጭ የእንጅባራ ጉም የግቢውን ቀርከሃ እስከ አንገቱ ውጦታል፤ የላይኛው ቅጠል ብቻ በነጭ ባሕር ላይ እንደ ተንሳፈፈ ወዲያና ወዲህ ይላል። ቅጠሉን አየች፣ ማሽኑን አየች፣ መልሳ ቅጠሉን አየች። የትኛው እንደተኛ፣ የትኛው እንደነቃ ለአፍታ ጠፋባት።

«ሞተ?» አለ ሲሞን ከወዲያኛው ጠረጴዛ።

«ተኝቷል።»

«የተኛማ ይነቃል። የማይነቃው ሌላ ስም አለው።»

«አትቅበርብኝ አንተ! ገና አልቅሼም አልጨረስኩ።»

ሲሞን የላቦራቶሪው ሁለተኛ ሠራተኛ ነው፤ እሁድ እሁድ በሰፈሩ ጸሎት ቤት ኪቦርድ ይመታል፣ በሌላው ቀን የተማሪዎችን የተሰበረ ኪቦርድ ይጠግናል። ለቀልድ ፈጣን፣ ለጭንቀት ዘገምተኛ ነው። ያን ዕለት ግን ወንበሩን ጎትቶ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ጥቁሩን መስኮት አየ። ቀኑን ያውቀዋል። የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ የሚሠሩበት የቴክኒክ ማሰልጠኛ ከሦስት ዓመት በፊት አሥራ ስምንት ኮምፒዩተሮች በእርዳታ አገኘ። ደህና ዕቃዎች ናቸው፤ ትንንሽ፣ ጸጥ ያሉ፣ መብራት የማያባክኑ። ልባቸው ግን፣ ማለትም ፕሮሰሰራቸው፣ ከተለመደው ዘር አይደለም። በእነዚህ ላይ ተማሪዎቹ የሚለማመዱት በኢሙሌተር ነው። ኢሙሌተር ማሽንን በማሽን ውስጥ የሚያኖር ፕሮግራም ነው፤ ተማሪው በውስጠኛው ማሽን ላይ ያሻውን ይሠራል፣ ያፈርሳል፣ ያበላሻል፣ የውጭኛው ማሽን አይነካም። ያለ እሱ አሥራ ስምንቱ ኮምፒዩተሮች ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ለአንድ የጥገና ተማሪ የሚረቡት ነገር የለም። ፕሮግራሙን ማንም ከፍቶ ያየዋል፣ ማንም ያርመዋል፤ በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች በደብዳቤ እየተጻጻፉ የሚሠሩት የጋራ ሥራ ነው።

ውስጠኛው ማሽን በሁለት መንገድ ሊሮጥ ይችላል። ያለምወርቅ ይህን ለተማሪዎቿ የምታስረዳው በጤና ጣቢያ ነው። «አማርኛ የማይሰሙ አንዲት እናት ከገጠር ይመጣሉ» ትላለች። «ነርሷ አገውኛ ካልቻለች አስተርጓሚ መሃል ይገባል። እናት አንድ ቃል፣ አስተርጓሚ አንድ ቃል፣ ነርሷ አንድ ቃል። ሆዴን ለማለት ግማሽ ቀን። ነርሷ አገውኛ ከቻለች ግን አስተርጓሚው ወደ ጥግ ሄዶ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ያወራሉ። ወረቀት ማስፈረም ሲመጣ ብቻ ብድግ ይላል። ይሄ ሁለተኛው አፋጣኝ ይባላል።» ውስጠኛውና ውጭኛው ማሽን አንድ ቋንቋ ሲናገሩ አፋጣኙ አስተርጓሚውን ከመሃል ያወጣዋል። ፍጥነቱ የዚያን ያህል ይለያያል፤ በአስተርጓሚ ተነስቶ ለመከፈት ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ማሽን በአፋጣኝ አንድ ደቂቃ አይሞላውም።

ችግሩ አፋጣኝ ለየፕሮሰሰሩ ለየብቻ መጻፉ ነው። የፕሮግራሙ ባለቤቶች ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ውሳኔ አሳወቁ። ለሁሉም ፕሮሰሰር የጋራ በሆነው ፋይል ውስጥ ባለፉት ዓመታት «ፕሮሰሰሩ ይሄ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ያ ከሆነ እንዲያ አድርግ» የሚል መስመር በመስመር ላይ ተከምሯል፤ ይጽዳ። የየፕሮሰሰሩ ኮድ ወደየራሱ ፎልደር ይውጣ። የሚያወጣለት ሰው ያላገኘ ፕሮሰሰር አፋጣኙ ይሰረዛል። ከሚሰረዙት ዝርዝር ውስጥ ሦስተኛው የእነያለምወርቅ ነበር።

«አሮጌውን ይዘን ብንቀመጥስ?» ብሏት ነበር ሲሞን ያን ጊዜ።

«እስከ መቼ? ቀዳዳ ሲገኝበት ማን ይደፍንልናል?»

ስለዚህ ሥራውን ያዘችው። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ተማሪ ሆና በብየዳ ብረት ጣቷን ስታቃጥል ያደገች ሴት፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ፤ ኮድ መጻፍን ማንም በወግ አላስተማራትም። ያስተማራት ኔትወርክ የጠፋበት ወራት ነው። በዚያ ሰሞን ከዓለም የቀራት ነገር ቢኖር ቀድማ ያወረደችው የኢሙሌተሩ ሙሉ ኮድ ነበር፤ ከነታሪኩ፣ እያንዳንዱን መስመር ማን ለምን እንደለወጠው ከተጻፈው ማስታወሻ ጋር። ከሥራ መልስ ብርድ ልብስ ተከናንባ ታነበዋለች። የማታውቃቸው ሰዎች በማታውቃቸው ከተሞች ከአሥር ዓመት በፊት ተከራክረው፣ ተኮራርፈው፣ ተስማምተው ይገኛሉ። አንዱ «ይህን ለጊዜው እዚህ አስቀምጬዋለሁ» ይላል፤ ለጊዜው የተቀመጠው አሁንም እዚያው አለ። አንዳንድ ምሽት መጽሐፍ የምታነብ ሳይሆን ጉም በሞላበት ትልቅ ቤት ውስጥ በር እየከፈተች የምትሄድ ይመስላት ነበር፤ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ማሽን፣ በማሽኑ ውስጥ ሌላ ቤት።

ኔትወርኩ ሲመለስ ቤቱን ታውቀዋለች። የቸገራት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ የቱ ነው የጋራ፣ የቱ ነው የግል?

ለዚህ መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። አባቷ ጋሽ ደርበው በዳንግላ የጋሪ ፈረስ ዕቃ ሠሪ ናቸው፤ ልጓም፣ ዛብ፣ የደረት ጠፍር፣ አንገት ላይ የሚጠልቀውን የቆዳ ትራስ ይሰፋሉ፣ ይጠግናሉ። የሥራ ቤታቸው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ኩላብ፣ የዕቃ መስቀያ ነው። እንግዳ ሰው ገብቶ ሲያየው ይገርመዋል፤ ልጓም ከልጓም ጋር፣ ጠፍር ከጠፍር ጋር አልተሰቀለም። አንድ ኩላብ ለአንድ ፈረስ ነው። የቦራ ኩላብ ላይ የቦራ ልጓም፣ የቦራ ጠፍር፣ የቦራ ትራስ። የጉራች ላይ የጉራች። በጥጉ ያለው አንድ ሣጥን ብቻ የሁሉም ነው፤ የጎማ ግራሶ፣ ብሎን፣ የጋሪ ክር። «የጋራ ማለት» ይላሉ ጋሽ ደርበው፣ «ማንም ፈረስ በቆዳው የማይሰማው ነገር ማለት ነው። ቆዳ ከነካ የግል ነው።»

ያለምወርቅ አሥራ አራት ማስተካከያ የጻፈችው በዚህ ሕግ ነበር። እያንዳንዱን ሥራ እየያዘች ትጠይቃለች፤ ይሄ የፕሮሰሰሩን ቆዳ ይነካል? መነሻውን ማሰናዳት ይነካል፤ ይውጣ። መዝገቦቹን መሙላት ይነካል፤ ይውጣ። ከውጭ ሲጠሩት መልስ መስጠት፤ ይውጣ። አንዷ ግን ቆዳ የማትነካ መሰለቻት። የጋራው ፋይል በየጊዜው ዞር እያለ ውስጠኛውን ማሽን «አንቀላፍቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንቀላፍቶ ካገኘው ሥራውን አስፈትቶ ያሳርፈዋል። ለሁሉም ፕሮሰሰር አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄ ደግሞ ማንን ይልጣል? የእነሱን ፕሮሰሰር ከዚህ ጥያቄ ነጥሎ የሚያስቀምጥ አንድ አሮጌ መስመር ነበር፤ ምክንያቱ አልተጻፈበትም። ቆሻሻ ነው ብላ ሰረዘችው፤ ጥያቄውን የሁሉም አድርጋ ሣጥኑ ውስጥ አኖረችው።

ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ ተኝቶ ያልነቃው ከዚያ በኋላ ነው። የትኛው ማስተካከያ እንዳጠፋው ግን አላወቀችም፤ አሥራ አራት ናቸው።

ከሰዓት በኋላ የገምጋሚው ደብዳቤ ደረሰ። ይህ ሰው ሥራዋን እያነበበ ይግባ ወይም አይግባ የሚል፣ በበረዶ አገር የሚኖር፣ መልኩን አይታው የማታውቅ ሰው ነው። ሁልጊዜ አጭር ይጽፋል። «አወቃቀሩ ጥሩ ነው። ግን የላክሽውን በእኛ መሞከሪያ ላይ አስኬድኩት፤ ውስጠኛው ማሽን ከተኛ አይነሳም። ማክሰኞ በሩ ይዘጋል። እስከዚያ ካልተስተካከለ አፋጣኙ ይወጣል፤ አዝናለሁ።»

«አዝናለሁ ይላል» አለ ሲሞን በትከሻዋ ላይ አንብቦ። «የሚያዝን ሰው አንድ ሳምንት ይጨምራል።»

«እሱ ምን ያድርግ? ለእኔ ከጨመረ ለሁሉም ሊጨምር ነው።»

«አንቺ ደግሞ ለሁሉም ታዝኛለሽ። ለእኛ ማን ይዘንልን?»

ዓርብን ሙሉ ማስተካከያዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች መረመረች። ችግሩ አንድ ጥግ ላይ እንዳለ ጠረጠረች፤ ከእንቅልፉ ጥያቄ አካባቢ። ግን ጥያቄው ትክክል ነው። ማሽኑ በእርግጥ ተኝቷል፤ የጋራው ፋይል ተኝቷል አለ፤ ማሳረፍ አለበት፣ አሳረፈው። ማንም አልዋሸም። ሁሉም እውነት ተናግሮ ማሽኑ ግን ሞተ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ደወሉ። የቆዳ መርፌ አልቆባቸዋል፤ እንጅባራ ካለው ሱቅ ሦስት መርፌ ይዛ እንድትመጣ። ላፕቶፗን በቦርሳ፣ መርፌውን በኪሷ ይዛ ሚኒባስ ገባች።

መንገዱ በጉም ውስጥ ነበር። ግራና ቀኝ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንዱ ረድፍ ከጉሙ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ መኪናው የቆመ ዛፉ የሚሄድ ይመስላል። መንገድ ዳር የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል። ራሷን መስታወቱ ላይ ደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። አልተኛችም፤ አልነቃችምም። የሾፌሩን ሬዲዮ ትሰማለች፣ አዲስ ቅዳም ላይ ሰው ሲወርድ ትሰማለች፣ ግን ድምፁ ሁሉ ከውሃ ሥር ነው የሚመጣው። በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ዘንገና ሐይቅ ሲወስዷቸው ውሃው ውስጥ ሌላ ጫካ አይታ ነበር፤ ተገልብጦ የበቀለ፣ የራሱ ወፎች ያሉት። ያን ጫካ አሁን ደግማ አየችው። ውስጥ ያሉት ዛፎች ከላይ ሰው እንዳለ አያውቁም። የውስጠኛው ማሽንም እንዲሁ ነው፤ ራሱን ሙሉ ነኝ ብሎ ያምናል፣ ሌላ ማሽን ውስጥ እንደሚኖር ማንም አልነገረውም። ሲተኛ ወዴት ነው የሚሄደው? እዚያው ቆሞ ነው የሚተኛው ወይስ ወደ ታች ይሰምጣል? የሚቀሰቅሰውስ ሰው የት ቆሞ ነው የሚጠራው?

«ዳንግላ! ዳንግላ ወራጅ!» አለ ረዳቱ፤ ጥያቄው ሳይመለስ ብድግ አለች።

የጋሽ ደርበው ሥራ ቤት ከጋሪ መቆሚያው ሃያ እርምጃ ነው። ዳንግላ ላይ ጉም የለም፤ ፀሐዩ ቆዳውን አሙቆት ቤቱ የሞራና የላብ ሽታ ይሸታል። አባቷ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠፍር በጉልበታቸው ይዘው ይሰፋሉ። ጉልበታቸውን ስማ መርፌውን ሰጠቻቸው። ወደ ብርሃን አንስተው ሦስቱንም አዩ።

«አንዷ ጎባጣ ናት።»

«አባዬ፣ ገና ከካርቶን የወጣች ናት።»

«ካርቶን ውስጥ ያለ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው ያለሽ ማነው?» አሉና ጎባጣዋን ለይተው ከጆሯቸው ጀርባ ሰኩ። «ፊትሽ ምነው? አልተኛሽም?»

«እኔ ተኝቻለሁ። ያልነቃው ሌላ ነው።» ስለ ማሽኑ ነገረቻቸው፤ እንደ ሁልጊዜው በግማሽ ገብቷቸው በግማሽ ለእሷ ሲሉ ሰሙ። ማክሰኞን ግን በደንብ ሰሙ።

በሩ ላይ አንድ ጋሪ ቆሟል። ባለጋሪው ፀጋው በቅርቡ ከጫግኒ የመጣ፣ በጋሪ ሥራ አዲስ ሰው ነው፤ ፈረሱ ደግሞ አሮጌው ቦራ ነው፣ ከቀድሞ ባለቤቱ የገዛው። ቦራ በዘንጎቹ መካከል፣ ዕቃው ሁሉ እንደተጫነበት፣ አንገቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቆሟል። ፀጋው ወደ ፈረሱ አየና ጠፍሩን ሊፈታ እጁን ሰደደ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ ጋሽ ደርበው ከበርጩማቸው ሳይነሱ።

«ይረፍ ብዬ ነው ጋሼ። አንቀላፍቷል እኮ። ፈትቼ ጥላ ሥር ላስረው።»

«ተወው።»

«የተኛ ፈረስ ጋሪ ሥር ይቁም እንዴ? ቦራን ሳልገዛ ጉራችን ስነዳ እርስዎ ራስዎ ሲያንቀላፋ ፍታው አላሉኝም?»

«ጉራች ሌላ ነው። ጉራች እንቅልፍ ከያዘው ይጋደማል፤ ዘንግ ይሰብራል። ቦራ ግን ቆሞ ነው የሚተኛው። የኋላ እግሩን ተመልከት፤ አንዱን በጫፉ አሳርፎታል። በጋሪው ውስጥ ነው እንቅልፉ። ሰው መጥቶ ጋሪው ላይ እግሩን ሲያሳርፍ፣ ዘንጉ በጎኑ ሲሰማው ነው የሚነቃው።»

«ሌላውም ፈረስ ሲጠራ ይነቃል።»

«ባለፈው ሳምንት ፈትተህ ከግንዱ ጋር ያሰርከው ዕለት ስንት ተሳፋሪ ጭነህ ዋልክ?»

ፀጋው እጁን ከጠፍሩ አነሳ። ከመቆሚያው መጥተው ከኋላው የቆሙ ባለጋሪዎች ሳቁ። አንዱ ጮክ ብሎ፣ «ኧረ ይንገርዎት! ተሳፋሪው ጋሪው ላይ ወጥቶ ሂድ ይላል፣ ፈረሱ ማዶ ከግንዱ ጋር ያንኮራፋል!» አለ።

«አየህ» አሉ ጋሽ ደርበው። «ተሳፋሪው የሚመጣው ወደ ጋሪው ነው። አንተ ደግሞ ተኝቷል ብለህ ፈረሱን ከጋሪው አወጣኸው። ማን ይቀስቅሰው? መተኛቱን አይተሃል፤ አልተሳሳትክም። ሲተኛ ምን እንደሚደረግለት ግን ለፈረሱ ነው የሚጠየቀው።»

ያለምወርቅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቦራን አየችው። የታችኛው ከንፈሩ ተንጠልጥሎ፣ ዝንብ በዓይኑ ሽፋሽፍት ላይ እየተራመደ፣ በሩቅ አንድ ቦታ ነበር፤ ግን ጋሪው ጎኑን ነክቶታል፣ ጋሪው ያውቀዋል። በመካከላቸው አንድ ቀጭን ክር ያለ መሰላት። ሄደች፣ እግሯን ከጋሪው ብረት ላይ ቀስ አድርጋ አሳረፈች። ዘንጉ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ። ቦራ ዓይኑን ከፈተ፣ የኋላ እግሩን አወረደ፣ ጆሮውን ወደ እሷ አዞረ።

«ወዴት ነሽ?» አለ ፀጋው። «እኔ ስንት ጊዜ ለምኜው ያልነቃው ፈረስ!»

እሷ ግን ወደ ቤት ተመልሳ ላፕቶፗን በቆዳ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ከፍታለች።

የእነሱ ፕሮሰሰር እንደ ቦራ ነው። ሲተኛ በአፋጣኙ ውስጥ ሆኖ፣ ቆሞ ነው የሚተኛው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወይም ኪቦርድ ሲነካ ጥሪው የሚመጣው እዚያው አፋጣኙ ዘንድ ነው። ሌሎቹ ፕሮሰሰሮች እንደ ጉራች ናቸው፤ ሲተኙ ወደ ጋራው ፋይል ይወጣሉ፣ እዚያ ይታሰራሉ፣ እዚያ ይጠራሉ። እሷ ግን ለሁሉም አንድ ጥያቄ ጠይቃ ሁሉንም ፈታች። ጠሪው ጋሪው ላይ ወጥቶ ሂድ ይላል፤ የተጠራው ከግንዱ ጋር ታስሯል። ያ ያለ ምክንያት የተጻፈ የመሰላት መስመር አንድ የማታውቀው ሰው ቦራን አትፍቱት ብሎ የተወው ምልክት ነበር።

«አባዬ» አለች ቀና ሳትል፣ «ያ የሣጥኑ ሕግዎ ጎደሎ ነው።»

«የቱ?»

«ቆዳ የማይነካ ሁሉ የጋራ ነው ያሉት። ጥያቄ ቆዳ አይነካም ብዬ ሣጥን ውስጥ ጨመርኩት፤ ማሽኔን ገደለብኝ።»

ጋሽ ደርበው መርፌውን አቆሙ። አርባ ዓመት የኖሩበትን ሕግ ጎደሎ ነው ያላቸው ሰው የለም። ትንሽ አሰቡ።

«ጥያቄውስ ሣጥኑ ውስጥ ይኑር» አሉ በመጨረሻ። «መልሱን ነው ኩላቡ ላይ መስቀል።»

እንዲሁም አደረገችው። የጋራው ፋይል መጠየቁን ይቀጥላል፤ አንቀላፍቷል ወይ ይላል። ግን መልሱን ራሱ አይሰጥም። ወደ ፕሮሰሰሩ ፎልደር ዞሮ «አንተ ስትተኛ ምን ላድርግልህ?» ይላል፤ እያንዳንዱ ፎልደር የራሱን መልስ ይመልሳል። የእነሱ መልስ አንድ መስመር ነው፤ ተወው፣ አትፍታው። ከመስመሩ በላይ ለምን እንደሆነ ሦስት መስመር ማስታወሻ ጻፈች፤ ከእሷ በኋላ ሊያጸዳ የሚመጣ ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ እንዳይሰርዘው። ኮዱ ከማስታወሻው አጠረ። ባለጋሪዎቹ ውጭ ይከራከራሉ፣ አባቷ ይሰፋሉ፣ ጠረጴዛው ላይ የቆዳ ቁራጭ ከጣቷ ሥር ይንከባለላል፤ ሁሉም ነገር በሚኒባሱ ውስጥ እንደነበረው ከውሃ ሥር የሚመጣ ነበር፤ አሁን ግን ጭንቀት አልነበረበትም።

ሰኞ ጠዋት ከሲሞን ጋር ላቦራቶሪውን በሁለት ሰዓት ከፈቱ። ጉሙ ከመስኮቱ ጋር ተጣብቆ ቆሟል። ውስጠኛውን ማሽን አስነሳችው፤ በሃምሳ ሴኮንድ ተነሳ። ሥራ ነሳችው። ጠበቁ። ማራገቢያው ድምፁን ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ዝም አለ። ትንሿ መስመር ቀጥ አለች።

«ተኛ» አለ ሲሞን በሹክሹክታ፤ ሕፃን የተኛ ይመስል።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቤቱ ውስጥ አሥራ ስምንት ማሽኖች፣ በአንዱ ውስጥ ሌላ አንድ ማሽን፣ በእሱ ውስጥ እንቅልፍ። ከቀርከሃው አንድ ጠብታ መስኮቱ ላይ ወደቀና ቀስ ብሎ ወረደ። ያለምወርቅ ጠብታው ታች እስኪደርስ ጠበቀች። ከዚያ በአንድ ጣቷ፣ እግሯን በጋሪው ብረት ላይ እንዳሳረፈችው ያህል ቀስ አድርጋ፣ አንድ ፊደል ነካች።

ፊደሏ ታየች። መስመሯ ብልጭ አለች።

ሲሞን ተነሳና በሩን ከፍቶ ወደ ኮሪደሩ ጮኸ፤ ምን እንደጮኸ ራሱም አያውቅም። ከዚያ ተመልሶ መጣና፣ «እንደገና አስተኚው» አለ። አሥራ አምስት ጊዜ አስተኙት፤ አሥራ አምስት ጊዜ ነቃ።

ማስተካከያውን ከምሳ በፊት ላከች። መልሱ ማክሰኞ ጠዋት መጣ፤ እንደ ወትሮው አጭር። «ይሠራል። ሌሎች ሁለት ፕሮሰሰሮችም ይህንኑ መንገድ ይፈልጉታል። አንድ ነገር ቀርቷል። ይህ ፎልደር ጠባቂ የለውም። በጠባቂዎች ዝርዝር ላይ የሰው ስም ከሌለ በሚቀጥለው ጽዳት ተመልሰን እዚሁ ነን። ስምሽን ታስገቢያለሽ?»

ያለምወርቅ ይህን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ኮድ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ስም ማስገባት ሌላ። ጠባቂ ማለት ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ሰው ከየትም ተነስቶ ተበላሸ ሲል መልስ የሚሰጥ ማለት ነው። መልስ መስጠት ደግሞ ኔትወርክ ይፈልጋል። እውነቱን ጻፈችለት፤ እኔ ባለሁበት ግንኙነት ለሳምንታት ሊጠፋ ይችላል፣ አንዳንዴም ለወራት። ዝም ካልኩ ትቼው እንደሄድኩ አይምሰላችሁ፤ ግን ዝም ልል እችላለሁ።

ላከችውና ተቀመጠች። በሩ የሚዘጋው ዛሬ ነው። ይህን በመጻፏ አሥራ ስምንቱን ማሽኖች በገዛ እጇ ሰርዛቸው ሊሆን ይችላል።

«ምነው ዝም ብትይው ኖሮ» አለ ሲሞን። «አዎ ብሎ መፈረም ነበር። የምትጠፊ ዕለት ትጠፊያለሽ።»

«የተኛሁ ሲመስለው ቢፈታኝስ? ቆሜ መተኛቴን አስቀድሞ ይወቀው።»

ሲሞን ትንሽ አያት። «ፈረስ ቤት ውለሽ መጥተሽ ሰው የማይገባው ነገር ነው የምታወሪው» አለ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልስ ደረሰ። «እንግዲያው ከስምሽ ጎን ጻፊው፤ ረጅም ዝምታ ሊኖር ይችላል በይ። በዝምታው ጊዜ እኔ እይዝልሻለሁ። ዝም ስላልሽ ብቻ ማንም ፎልደሩን አይነካም።»

ዝርዝሩን ከፈተች። በመቶ የሚቆጠሩ ስሞች፣ የመቶ አገር ስሞች። ከፕሮሰሰሩ ስም ሥር፣ በውጭ ፊደል፣ ሁለት ቃል ጻፈች፤ ያለምወርቅ ደርበው። ከጎኑ፣ ረጅም ዝምታ ሊኖር ይችላል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማስተካከያዎቹ ገቡ፤ አሥራ አምስቱም።

ወደ ዳንግላ ደወለች። ከጀርባ የጋሪ ቃጭል ይሰማል።

«ነቃ?» አሉ ጋሽ ደርበው፣ ሰላምታ ሳይቀድሙ።

«ነቃ አባዬ። ገባም። ስማችን ተጻፈ።»

«የማን ስም?»

«የእኔና የእርስዎ። በወረቀቱ ላይ ያለምወርቅ ደርበው ነው የሚለው።»

 መርፌው ቆዳውን ሲበሳ የሚያሰማውን ትንሽ ድምፅ የሰማች መሰላት፤ ምናልባትም አልሰማችም።

«እኔን ምን አድርግ ብለሽ አገባሽኝ?» አሉ። «ቢበላሽ የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው ማለት ነው?»

«ወደ እኔ ነው የሚመጡት። እርስዎ ዋስ ነዎት።»

«ዋስ ከሆንኩማ» አሉ ጋሽ ደርበው፣ «ኩላቡን ሳላይ አልፈርምም። ቅዳሜ ይዘሽው ነይ፤ ያንን ጎባጣ መርፌም ትቀይሪልኛለሽ።»